ሙሉጌታ ዳማ ሊጫወት የመጣ ዕለት

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ቀድመው ከሚስቁት ወገን ነበርኩ፣ ወላሂ፣ ጅን አየሁ ያለኝን ሁሉ «ስንት ቀን ሳትተኛ ቆየህ?» ብዬ ነው የምመልሰው፣ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ በእጄ ያልዳሰስኩትን ነገር አላምንም። ይህን የማወራህ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ በገዛ ግቢዬ፣ ሳልታመምና ሳልተኛ ስላየሁት ነው፣ ብታምነኝ እሰየው፣ ባታምነኝም አልቀየምህም።

ቀኑ ዓርብ ነበር። መርሳ ያለችውን የስፌት ሱቄን ዓርብ አልከፍትም፣ ከእናቴ ጋር ቤት ነው የምውለው። ታናሽ ወንድሜ አንዋር በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ ሊገባ ከወጣ ሰባት ወር ሆኖት ነበር፣ ከባሕሩ ዳር ደውሎ «ነገ እንሻገራለን፣ ዱዓ አድርጉልኝ» ካለ ወዲህ ስልኩ አልሠራም። እናቴ ስልኳን ከጉያዋ አታወጣም፣ ሰው ተሳስቶ ቢደውል እንኳ «አንዋር?» ብላ ነው የምታነሳው።

በዚህ መሀል ሙሉጌታ መጣ። አብሮ አደጌ ነው፣ ወልድያ ያስተምራል፣ በማለዳ ሚኒባስ ተሳፍሮ አንድ ፌስታል ብርቱካን ይዞ ከች አለ። «ፍራፍሬ ለተረፈው ለመርሳ ሰው ብርቱካን የሚያመጣ ካንተ ሌላ አላየሁም» ብዬ ሳቅሁበት፣ እሱ አልሳቀም። «ዳማ አምሮኝ ነው የመጣሁት» አለ። የማስተማሪያ ቀኑ መሆኑን እንኳ ልብ አላልኩም፣ ደስ ብሎኝ ነበርና።

ሰሌዳውን ማንጎው ሥር ዘረጋን። ጠጠሮቻችን የለስላሳ ቆርኪዎች ናቸው፣ የእሱ በፊታቸው፣ የእኔ ተገልብጠው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርህ፣ አንዋር ትንሽ ልጅ ሆኖ መሀላችን ተቀምጦ ያይ ነበር፣ የሚበላ ቆርኪ እያለ ካላየን የሰሌዳውን ጠርዝ በጥፍሩ ሁለቴ ቋ፣ ቋ ያደርጋል፣ ዝም በል ብንለው አይሰማም። ሲያድግም አልተወውም። እሱ ራሱ ሲጫወት ደግሞ የበላውን አንዱን ባንዱ ላይ ይቆልላል፣ እንደ መስጊድ ሚናራ፣ እኛን ለማናደድ።

ሙሉጌታ የዚያን ቀን ተሸነፈ፣ ደግሞ ተሸነፈ። እመነኝ፣ ይህ ሰው ለገዛ ልጁም አይለቅም። እንደለቀቀልኝ ገባኝና ልናገረው ስል የሰሌዳው ጠርዝ ቋ፣ ቋ አለ። የሙሉጌታ እጆች ጉልበቱ ላይ ነበሩ። የእኔም አገጬ ላይ። ሰሌዳውን ሳይ የምበላው ቆርኪ አለ፣ አላየሁትም ነበር።

«አንተ ነህ?» አለኝ።

«ማንጎ ወድቆ ነው» አልኩት፣ ዛፉ ላይ ግን አንድ ፍሬ አልነበረም።

ቆርኪውን ሳልበላ ጨዋታውን እንዲሁ ትቼ ለጁምዓ ሄድኩ። መስጊድ በር ላይ ሰዉ ሲጨብጠኝ እጄን ቶሎ አይለቅም፣ ሸህ እንድሪስ ደግሞ ምንም ሳልላቸው «አብሽር ልጄ፣ አይዞህ» አሉኝ። ስመለስ ሰሌዳውን አይቼ ነው ወደ ቤት የገባሁት፣ እንደተውነው ነበር። የውጭውን በር ቀርቅሬ ገባሁ፣ ሦስታችን ምሳ በላን፣ ሙሉጌታ እንግዳው እሱ ሆኖ እኔንና እናቴን ያጎርሳል፣ «ብሉ እንጂ፣ እማማ ዘሃራ፣ ይቺን ከእጄ» ይላል፣ እሱ ግን አንድም አልዋጠም።

እኩል ነው የወጣነው። ሰሌዳው ላይ የእኔ አንድ ቆርኪ ከነበረበት ተነሥቶ የእሱን ሦስት ቆርኪ ዘሎ ጥግ ቆሟል። የተበሉት ሦስቱ ጠርዙ ላይ አንዱ ባንዱ ላይ ተቆልለዋል። ነፋስ ነው እንዳልል ነፋስ ቆርኪ አይቆልልም። በሩ እንደተቀረቀረ ነው።

ሙሉጌታ መሬት ላይ ዘጭ ብሎ ኮቱን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። «ምን ሆንክ?» ስለው «ራሴን አሞኝ ነው፣ ዛሬ እዚሁ አድራለሁ» አለ። አጥብቄ አልጠየቅኩትም፣ እውነቱን ንገር ካልከኝ መስማት አልፈለግኩም።

በማግሥቱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ በር ተንኳኳ። በእኛ አገር ሽማግሌዎች በማለዳ ተሰብስበው ሲመጡ ምን ይዘው እንደመጡ ሕፃንም ያውቃል፣ መርዶ የሚነገረው ሰውዬው በልቶ ካደረ በኋላ፣ ወዳጅ አጠገቡ እያለ ነውና። ለካስ ሙሉጌታ ቀኑን ሙሉ ሊያበላን፣ ሊያጫውተንና አጠገባችን ሊያድር በሽማግሌዎቹ ተልኮ ኖሯል።

ሸህ እንድሪስ ለእናቴ ነገሯት። ከአንዋር ጋር የሄደ የውርጌሳ ከተማ ልጅ ተመልሷል፣ ጀልባው ተገልብጦ እሱን ሌላ ጀልባ አወጣው፣ አንዋርን ከዚያ ወዲያ አላየውም።

እናቴ አልጮኸችም። «ሬሳውን አይቷል?» አለች።

«አላየም፣ ዘሃራ፣ ግን ባሕር ነው...»

«ካላየ ልጄን አትቅበሩብኝ። በዚህ ቤት ለቅሶ አይቀመጥም።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ ዱዓ አድርገው ወጡ።

ሙሉጌታን ልሸኘው አስፋልቱ ድረስ ወጣሁ። «ቆርኪዎቹን አንተ ነህ ያነሳሃቸው?» አልኩት።

«እኔማ አንተ መስለኸኝ ነበር» አለ፣ «መርዶውን መስጊድ ሰምተህ፣ አውቄያለሁ፣ አትደብቀኝ ልትለኝ መስሎኝ። ለዚያ ነው ያለቀስኩት።»

መኪናው መጣ፣ ገባ፣ ከዚያ ወዲህ ይደውላል እንጂ መርሳ አይመጣም።

ቤት ስመለስ እናቴ ጠራችኝ። «እነሱን ተዋቸው፣ አንተ ወንድሙ ነህ፣ ልብህ ይነግርሃል» አለችኝ፣ «አለ ወይስ የለም?»

ያየሁትን ብነግራት ምን እንደምትል አስበው። ሞቶ ካልሆነ እንዴት መጣ? ሞቶም ከሆነ በዚያ ሁሉ ውሃ አልፎ እናቱን ሳያይ፣ ቆርኪ ነክቶ ይሄዳል?

«አለ» አልኳት።

ከዚያ ቀን ወዲህ እሷ ትተኛለች። ጠዋት ጠዋት ትጠይቀኛለች፣ ጠዋት ጠዋት አለ እላታለሁ። ሙሉጌታ ያን መርዶ የያዘው ለአንድ ቀን ነው፣ እኔ እስከ መቼ እንደምይዘው አላውቅም፣ መርዶ መሆኑንም አላውቅም።