የተተኮሰው ኮት

አዲስ ኮት አምጥተው «አስረጂው» አሏት። ለቴሌቪዥን ድራማ ልብስ የሚሰፋ ሰው ማስረጀትም ሥራው ነው፤ ክርኑን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ፣ አንገትጌውን ሻይ ውስጥ ነከር ማድረግ።

«የማን ነው?» አለች።

«የጋሽ ቢሮ ነዋ! አዲሱ ገጸ ባሕርይ» አላት ረዳት ዳይሬክተሩ ሳቁ እያመለጠው። «ከሥራ ተባሯል፤ ጎረቤት እንዳያውቅበት ግን በየጠዋቱ ኮቱን ተኩሶ፣ ምሳ ዕቃውን በክር አስሮ ይወጣና መናፈሻ ተጎልቶ ይውላል። ስናነበው በሳቅ ሞትን!»

እሷ አልሳቀችም። ጋሽ ቢሮ ያሉት አባቷን ነው።

አባቷ የሚሠራበት ፋብሪካ ከተዘጋ በኋላ አንድ ቀን ከአውቶቡስ መስኮት አየችው፤ ኮቱን ቆልፎ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ማታ «ሥራ እንዴት ዋለ?» ስትለው «ይበዛል፣ ልጄ» አላት። እራቱን አቀረበችለት እንጂ ምንም አልተነፈሰችም። በዓለም ላይ ይህን የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለምትወደው ሰው፣ ለድራማው ደራሲ።

የተዋወቁት ሱሪው ምስማር ይዞት የተቀደደ ዕለት ነበር። መጋረጃ ጀርባ ተደብቆ «እባክሽ ቶሎ በይልኝ፣ ስብሰባ አለብኝ» ሲላት፣ «እንዲሁ ግባ፤ ያልከውን ሁሉ ያጸድቁልሃል» አለችው። ሳቁን ወደደችው። ለዚያ ሳቅ ነበር አምና የአባቷን ገመና የሰጠችው።

ኮቱን እንደያዘች ደራሲው ቢሮ ገባች።

«አባቴን በስንት ሸጥከው?»

ፊቱ ቀላ። «ስም እኮ አልጠራሁም... ሰው ሁሉ ነገ ከሥራ እወጣለሁ ብሎ ሲሰጋ ነው የሚያድረው። ትንሽ ስቆ ይተንፍስ ብዬ ነው።»

«በማን ላይ ስቆ?»

«ስሚኝማ፣ መጨረሻውን አሳምረዋለሁ። ሥራ ያገኛል።»

«በቴሌቪዥን ቀጠርከው? ደመወዙንስ በቴሌቪዥን ነው የምንበላው?»

ቀና ብሎ ሊያያት ሞከረ፤ አቃተው። ኮቱን ፊቱ ላይ ወርውራለት ወጣች።

ድራማው ተወደደ። ይወደዳል እንጂ ምን ይሆናል! ሬዲዮው ጋሽ ቢሮ፣ ስልኩ ሁሉ ጋሽ ቢሮ ሆነ። አንድ ባንክማ የብድር ማስታወቂያውን በጋሽ ቢሮ ድምፅ አሠራ። ሰውን ሥራ አሳጥቶ፣ በማጣቱ አስቆ፣ በሳቁ መሐል ብድር መሸጥ! ይሄ ካላናደደ ምን ያናድዳል?

አንድ ምሽት ቴሌቪዥኑን ልታጠፋ ስትነሳ አባቷ «ተይው» አላት። እስኪያልቅ አየው።

«ውሸት ነው» አለ በመጨረሻ። «ብቻውን አስቀመጡት። መናፈሻው እኮ ሙሉ ነው! መምህሩ አለ፣ መሐንዲሱ አለ፣ ሁላችንም ኮት ለብሰን። ‹ሥራ እንዴት ነው?› እንባባላለን፤ ‹ይበዛል› እንባባላለን።»

«አባዬ... አውቅ ነበር።»

«ማወቅሽንማ አወቅኩ። ምሳ ዕቃውን በክር የሚያስር ከእኔ ሌላ ማን አለ? ይህንንስ የሚነግራቸው ካንቺ ሌላ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ለደራሲው ደወለች። «ብቻውን አይደለም፣ መናፈሻው ሙሉ ነው! ከደፈርክ ይህን ጻፍ» ብላ መልሱን ሳትሰማ ዘጋችው።

ሳምንታት አለፉ። ጋሽ ቢሮ እንደ ወትሮው ብቻውን ተቀምጦ ይሳቅበታል። ደራሲው ድምፁ ጠፋ፤ ሥራ ቦታ «ፈቃድ ላይ ነው» ይላሉ። ፈሪ አለችው፤ ናፈቀችው፤ በመናፈቋ ደግሞ ይበልጥ ተናደደች።

ከዚያ አንድ ማታ አባቷ ኮቱን እየሰቀለ፣ «አጠገቤ አዲስ ልጅ ይቀመጣል» አላት። «ሥራ እንዴት ነው ስለው ይበዛል ይለኛል። ሱሪው ከኋላ ተሰፍቷል። የእጅሽን ስፌት አጣዋለሁ?»

ጠዋት ተከትላው ሄደች። መናፈሻው በተተኮሰ ኮት ተሞልቷል። ደራሲው ሲያያት ብድግ አለ።

«ሥራ እንዴት ነው?» አለችው፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ።

«ይበ...» ብሎ ቆመ። አባቷን አየ፤ እሷን አየ። «የለኝም። መናፈሻውን ሞልቼ ጻፍኩት። ሰው ያስደነግጣል፣ ስፖንሰሩም ይሸሻል ብለው አባረሩኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አፈርኩ።»

«አገር በአባቴ ሲስቅ ያላፈርክ ዛሬ አፈርክ?»

«ያኔ ማፈር ነበረብኝ» አለና ወደ አባቷ ዞረ። «ይቅር ይበሉኝ።»

ከማዶ መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገና «እኔም ተባርሬ ነው» አለ። «እኔም» አለ ሌላው። አባቷ የኮቱን ቁልፍ ፈታ፤ ጠጋ ብሎም ለደራሲው እንዲቀመጥ ቦታውን መልሶ አሳየው።

እሷ በሁለቱ መሐል ተቀመጠች። «አሁንም ተናድጄብሃለሁ» አለችው። እጇን ግን ሲይዛት አልነጠቀችውም።

አባቷ የምሳ ዕቃውን ክር መፍታት ጀመረ።

«አባዬ፣ ምሳ ሰዓት እኮ አልደረሰም።»

«ማን ይቆጣጠረናል?» አለ አባቷ፣ ክዳኑን እየከፈተ።