ቡሎ ለዋንጫ

ቡሎ ውሻ ነው። ቤቱ ግን ግቢ ውስጥ አይደለም፤ ስልክ ውስጥ ነው!

የስልኩ ባለቤት የረድኤት አባት ነው። ቡሎ ግን የረድኤት ነው፤ የረድኤት ብቻ።

አባቷ ማታ ከሥራ ሲመጣ ረድኤት በር ላይ ትጠብቀዋለች። «አባዬ፣ እንኳን ደህና መጣህ! ስልኩስ?»

«እኔን ነው የናፈቅሽው ወይስ ስልኩን?» ይላል አባቷ እየሳቀ። ስልኩን ግን ይሰጣታል።

ጨዋታው ሲከፈት ቡሎ ከቤቱ ዘሎ ይወጣል። «ሃው! ሃው!» ጭራውን ይቆላል፤ ወዲህ ወዲያ፣ ወዲህ ወዲያ።

ረድኤት ፀጉሩን ታበጥርለታለች። ከዚያ ሳህኑን በጣቷ ትነካዋለች፤ ሳህኑ በምግብ ጢም ይላል። «ቅርጥፍ! ቅርጥፍ!» ቡሎ ይበላል።

ጨዋታው «አንድ ሳህን ይበቃዋል» ብሎ ይጽፋል። ረድኤት ገና ማንበብ አትችልም። ቢነበብላትስ መች ትሰማለች!

እነረድኤት ቤት አንድ ጉርሻ ብሎ ነገር የለም። አባቷ ሲያጎርሳት «አንድ ጉርሻ ያጣላል!» ይልና ይደግማታል። ከዚያ ደግሞ ይሠልሳል።

ስለዚህ ረድኤትም ቡሎን፣ «በሞቴ፣ ይችን!» ትለዋለች። «ቅርጥፍ! ቅርጥፍ!»

«በሞቴ፣ ድገም!» «ቅርጥፍ! ቅርጥፍ!»

«በሞቴ፣ የመጨረሻ!» «ቅርጥፍ! ቅርጥፍ!»

በሞቴ እየተባለ ማን እምቢ ይላል? ቡሎም እምቢ አላለም።

ቡሎ ወፈረ። ወፈረ፣ ወፈረና እንደ ኳስ ድቡልቡል ሆነ።

አንድ ማታ ስልኩ ውስጥ ጡሩምባ ተነፋ። «ጡ! ጡ! ጡሩሩ!»

ትልቅ ወንድሟ ይትባረክ ጽሑፉን አነበበላት። «ቅዳሜ የውሾች ውድድር አለ! በየአገሩ ያሉ ልጆች በየስልካቸው ውሾቻቸውን ያወዳድራሉ። አንደኛ የወጣው የወርቅ ዋንጫ ይሸለማል!»

«አንደኛማ ቡሎዬ ነው!» አለች ረድኤት።

«እስቲ መጀመሪያ ይዝለል» አለ ይትባረክ።

ቡሎ ሮጠ። ሜዳው ላይ የተጋደመውን እንጨት ሊዘል ተነሣ። «ዘጭ!» እንደገና ሞከረ። «ዘጭ!»

ይትባረክ በሳቅ ፍርስ አለ። ረድኤት ግን ዕንባዋ መጣ።

አባቷ አጠገቧ ቁጭ አለ። «ቡሎ ምግብ በዛበት፣ የኔ እናት። ከእንግዲህ አንድ ሳህን ብቻ ስጪው። ከዚያ ይሩጥ።»

«ካላጎረስኩትማ ይቀየመኛል!» አለች ረድኤት። «ከዚያ አይወደኝም!»

«ግዴለሽም፣ ሞክሪው» አላት አባቷ።

በማግስቱ ቡሎ አንድ ሳህን በላ። ከዚያ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ጠበቀ፣ ጠበቀና ቀና ብሎ አያት።

ረድኤትን አሳዘናት፤ ግን ጣቷን ከጀርባዋ ደበቀችው። «አይዞህ ቡሎዬ! በል እንሩጥ!»

ሮጡ። ቡሎ ስልኩ ውስጥ፣ ረድኤት ሳሎኑ ውስጥ። «ዱብ ዱብ! ዱብ ዱብ!»

ስልኩ ላይ ያለውን የፉጨት ምልክት ስትነካው «ፊው!» ይላል። ያኔ ቡሎ እየሮጠ ይመጣል።

በየማታው እንዲህ ሮጡ። ቡሎ ቀለል አለ። ረድኤት ግን ስትተኛ ሁልጊዜ፣ «ተቀይሞኝ ይሆን?» ትላለች።

ቅዳሜ ደረሰ። የስልኩ ሜዳ በውሾች ተሞላ! ጥጥ የመሰለች ነጭ ውሻ አለች። እግሩ ረጅም፣ አፍንጫው ሹል ውሻም አለ።

ቡሎ ደረቱን ነፍቶ ተራመደ። እንጨቱ ጋ ደረሰ። ዘለለ… አለፈ!

«እፎይ!» አለች ረድኤት።

አንዱ ከውድድሩ ወጣ፣ ሌላው ወጣ። በመጨረሻ ለዋንጫ የቀሩት ረጅሙ ውሻና ቡሎ ብቻ ሆኑ።

ይትባረክ አነበበ። «አሁን ሜዳው መሃል ምግብ ይቀመጣል። ውሻሽን በፉጨት ትጠሪዋለሽ። ምግቡን ትቶ ወደ ባለቤቱ የመጣ ውሻ ያሸንፋል።»

ረድኤት ክው አለች። ምግቡን ትቶ? ቡሎ? ተቀይሟት ከሆነስ? እሷን ትቶ ሳህኑ ጋ ቢቀርስ?

መጀመሪያ ረጅሙ ውሻ ተጠራ። ሮጠ፣ ሮጠ፣ ሳህኑ ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ። «ቅርጥፍ! ቅርጥፍ!» በቃ፣ እዚያው ቀረ።

አሁን ተራው የቡሎ ነው። «ፊው!»

ቡሎ ሮጠ። ሳህኑ ጋ ሲደርስ እሱም ቆመ። አሸተተ።

አባቷ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ። ይትባረክም ጎንበስ አለ። ረድኤት የፉጨቱን ምልክት እንደገና ነካችው።

«ፊው!»

ቡሎ ጆሮውን አቆመ። ሳህኑን አየ። ረድኤትን አየ። ደግሞ ሳህኑን አየ።

«ቡሎዬ፣ ና!»

«ሃው! ሃው!» ቡሎ ሳህኑን ዘሎ ተፈተለከ! ከስልኩ ሊወጣ እስኪመስል ድረስ መጣ፤ አፍንጫው መስታወቱን ሞላው።

«እፎይ!» አለች ረድኤት። «እፎይ!» አለ አባቷ። «እፎይ!» አለ ይትባረክ። ለካ እሱም ጨንቆት ኖሯል!

«ጡ! ጡ! ጡሩሩ!» የወርቅ ዋንጫው ብልጭ አለ። «አንደኛ!» ብሎ ይትባረክ ጣሪያ እስኪነካ ዘለለ። «ረዲ፣ ዋንጫ በላሽ! ዋንጫውን እዪው እንጂ!»

ረድኤት ግን ዋንጫውን አላየችም። የምታየው ቡሎን ነበር፤ ጭራውን ወዲህ ወዲያ፣ ወዲህ ወዲያ ሲቆላ።

«አባዬ፣ ወደ እኔ መጣ!» አለች። «አልተቀየመኝም!»

«አዎ፣ የኔ እናት» አለ አባቷ። «ምን ብሎ ይቀየምሻል?»

ያን ማታ ረድኤት ማንም ሳይጠይቃት ስልኩን ለአባቷ መለሰች። አልጋዋ ላይ ወጥታ ብርድ ልብሷን ተከናነበች። ዛሬ የሚያስጨንቃት ነገር የለም፤ ወዲያው እንቅልፍ ይዟት ሄደ።