የአሚሩ ባለቤት ለቅሶ

በሁለት ሺህ አሥራ አራት ዓመተ ምሕረት፣ የካቲት ገብቶ የሚሲሲፒ ወንዝ ከሚኒያፖሊስ እስከ ሴንት ፖል በረዶ ለብሶ በተኛበት ሰሞን፣ አሚር ሐዚም ሶማሊያ ውስጥ ከሰማይ በተተኮሰ ሚሳይል መገደሉ ተሰማ፤ ወሬውም ከዩኒቨርሲቲ አቬኑ ሱቆች ተነሥቶ፣ ባለቤቱ ኢሽራቅ ከሥራ ሳትመለስ መኖሪያዋ ሮዝቪል ደረሰ።

ሐዚም የወሎ ሰው ነበር፤ እዚህ አሜሪካ ታክሲ ይነዳ፣ ቁርኣን ሲቀራም ሰው ያስለቅስ ነበር። የኢትዮጵያ ጦር ሞቃዲሾ በገባ በዓመቱ፣ «ናይሮቢ ሥራ አገኘሁ» ብሏት ወጥቶ ሶማሊያ ገባና በዚያው ቀረ። በመጀመሪያ በእስላማዊ ታጣቂዎች ዘንድ ተራ ተዋጊ፣ ቀጥሎ ሰባኪ፣ በኋላም መንደር የሚያስገብር፣ በቃሉ ሰው የሚያስገድል አሚር ሆነ፤ ስብከቱም በየስልኩ እየተላከ እስከ አፕል ቫሊ ይደመጥ ነበር። ያን ድምፅ ተከትለው ከሄዱት አንዱ፣ ከኢሽራቅ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩት የአዴ ዳራርቱ ልጅ ረሻድ ነው፤ ኋላ ተጸጽቶ ወደ እናቱ ሊያመልጥ ሲል ተይዞ፣ በሐዚም ትእዛዝ ተረሸነ። እናቱም መንግሥትንም ጎረቤትንም ፈርተው ለቅሶ ሳይቀመጡ ቀሩ።

ኢሽራቅ ካፖርቷን ሳታወልቅ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ትመላለስ ጀመር። ማልቀስ አማራት፤ ግን ለዚያ ለምትወደው ባለ ታክሲ ይሁን ለአሚሩ፣ ለማን እንደምታለቅስ ጠፋት።

«ማም፣ ጀስት ሲት ዳውን» አለቻት፣ አባቷን በፎቶ ብቻ የምታውቀው ልጇ ኢቅራ።

አመሻሹ ላይ የሐዚም አጎት ሐጂ ፈዋዝ መጡ።

«ልጄ፣ ነገ ሰው ይሰበሰባል። ባልሽ በአላህ መንገድ የሞተ ሸሂድ ነው፤ የአራት ወር ከአሥር ቀን የሐዘን ዒዳሽንም በክብር ትቀመጫለሽ።»

«ዒዳውን አላህ አዞኛልና እቀመጣለሁ፣ ሐጂ። ሸሂድ የሚለው ቃል ግን ከአፌ አይወጣም።»

«የሞተ ሰው አይወቀስም!»

«ረሻድስ አልሞተም?»

ኢሽራቅም ጥላቸው ወርዳ የአዴ ዳራርቱን በር አንኳኳች።

«አዴ፣ ነገ የሚመጣው ሰው ለረሻድ እንዲመጣ እፈልጋለሁ» አለች።

«ገዳዩ ቤት ልቀመጥ?»

«የለም፤ እዚሁ፣ በቤትዎ። እኔ ከፈቀዱልኝ በሩ አጠገብ እቀመጣለሁ።»

አሮጊቷ በሩን ዘጉባት። ኢሽራቅ እዚያው ደጃፉ ላይ ቆማ ቀረች። ከውስጥ፣ ለዓመታት ታፍኖ የኖረው ልቅሶ ሲፈነዳ ሰማች፤ ያኔ በሩ ተከፈተ።

በማግሥቱ አዴ ዳራርቱ ቤት ለለቅሶ የመጣው ሰው ጥቂት ነበር፤ ብዙዎቹ ቀሩ። ሐጂ ፈዋዝ ግን ዘግይተው ገቡ፤ ደጃፉ ላይ ጥቂት አመንትተው፣ ስለ ረሻድ ዱዓ አደረጉ።

መንግሥታት የአሚሩን የጦር ስም በመግለጫ አወጡ፤ ተከታዮቹ የውዳሴ መዝሙር፣ ነሺዳ አወጡለት፤ ጸሐፊዎችም አነሣሡንና አወዳደቁን መረመሩ። ረሻድን ግን ከሁሉም አንዱም አላነሣውም፤ ስሙ ጮክ ተብሎ የተጠራው በዚያች ጠባብ ሳሎን ውስጥ፣ በዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው።