በወይራ መጭመቂያው የተሰቀለው ከንቲባ

ፌርሚን ኦሶርዮ በገዛ ወይራ መጭመቂያው ውስጥ ተሰቅሎ በተገኘ ጊዜ፣ ከሚስቱ በቀር በቫልዴሬዶንዳ እንባ ያፈሰሰለት አልነበረም። ደረቱ ላይ «ከዳተኛ» ተብሎ የተጻፈበት ሳንቃ ተንጠልጥሏል። ፈረንሳዮች ከተማዋን ይዘው ሳሉ ከንቲባቸው እሱ ነበርና፣ ጦራቸው ነቅሎ በወጣ ማግስት እንዲህ መሆኑን ሰዉ እንደ እግዜር ፍርድ ቆጠረው። ጊዜው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የ1812 ነሐሴ ነው፤ እንግሊዞች ማድሪድ የገቡበት፣ ናፖሊዮንም ወደ ሩሲያ የዘመተበት።

መርማሪ ዳኛው ዶን ሂላርዮ ኡርኪሶ ግን እግዜር ገመድ ሲያስር አይቶ አያውቅም። ከቶሌዶ በበቅሎ ያስመጣው ሟቹ ራሱ ነው፤ «የምናገረው ነገር አለኝ» ብሎ ሰው ልኮበት። አጭር፣ ቦርጫም፣ አቧራ ሲነካው የሚያስነጥሰው ሽማግሌ ነበር።

«አውርዱት» አለ።

የሟቹ ፊት አልጠቆረም፤ ምላሱም አልወጣም። የተኛ ሰው ይመስላል። ዳኛው የዓይኑን ቆብ ገለጥ አድርጎ አየና መልሶ ከደነው። ቀጥሎ ገመዱን በዓይኑ ተከተለው። ገመዱ የወይራ ጆንያ በሚነሣበት መዘውር ውስጥ ያልፋል።

ሚስቱ ሌኦካድያ በር ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

«ባልዎ ትናንት ምሽት ምን ብሎዎት ነበር?»

«‹ዳኛው ይምጣ እንጂ የሰው ኃጢአት ተሸክሜ አልሞትም› አለኝ። ከዚያ እንግዳ አለኝ ብሎ እንስላል የሚሸተውን የአኒስ አረቄውን ይዞ ወደዚህ ወረደ።»

«እንግዳው ማን ነው?»

«አልነገረኝም። ግን ወዳጁ መሆን አለበት። ፌርሚኔ ነፍሱን ይማረውና ስስታም ነበር፤ ያንን አረቄ ለሚጠላው ሰው አይቀዳም።»

ከተማው ገዳዩ ኪሪኮ ነው ብሏል። ኪሪኮ በተራራው ላይ ፈረንሳዮችን በሽምቅ ሲወጋ ቆይቶ፣ ግራ እጁን እዚያው ትቶ የተመለሰ ጎረምሳ ነው። ዳኛው ጠጅ ቤት አገኘው።

«አንተ ነህ የሰቀልከው?»

«እኔ ብሆን በቀትር፣ አደባባይ ላይ ነበር የምሰቅለው! ጓዳ ገብቶ መስቀል የምን ሌብነት ነው?» ባዶ እጅጌውን አወዛወዘ። «ደግሞስ ሳንቃው ተጽፎበት የለ? እኔ ፊደል ብቆጥር ኖሮ ይኼኔ ቄስ ሆኜ እርስዎን አናዝዝ ነበር።»

ጠጪዎቹ ሳቁ። ኪሪኮ ግን አልሳቀም። «ፌርሚን ሞት ይገባዋል። የእመት ኤንግራሲያን ልጆች፣ ብላስንና ቶሪቢዮን ያስያዛቸው እሱ ነው። ከእኔ ጋር የተዋጉ ልጆች ናቸው።»

«የት ተያዙ?»

«ወደ ተራራ ሲወጡ መንገድ ላይ። ፈረንሳዮቹ ራሳቸው በአዋጅ አስነግረዋል።»

ዳኛው ቀጥሎ የሟቹ ወዳጅ የነበረው መድኃኒት ቀማሚ ባልታሳር ሞንሬያል ዘንድ ሄደ። ባልታሳር ወንበር አቀረበለት፤ ለማስነጠሱም ቅጠል ቀጠቀጠለት።

«እንደ ወንድሜ ነበር፤ ግን እውነት አይደበቅም» አለ በሐዘን። «ሁለት ወጣቶች ከጉድጓድ እንደ ድመት ግልገል እየተጎተቱ ወጥተው ኮረብታው ላይ ሲረሸኑ እናት ትረሳለች? ኤንግራሲያ ምስኪን ናት፤ እንቅልፍ ከከዳት ከርሟል። የእንቅልፍ መድኃኒቱን፣ ኦፒየሙን፣ የምትወስደው ከእኔ ነው። ይህን ልብ ይበሉልኝ።»

«ልብ ብያለሁ» አለ ዳኛው፤ አስነጠሰውና አመስግኖ ወጣ።

ኤንግራሲያ ጥቁር ለብሳ ግቢዋ ውስጥ ባቄላ ትፈለፍላለች። ጥግ ላይ አንድ ጉድጓድ አለ። ባልዲም ገመድም የለውም፤ አፉ በትልቅ ድንጋይ ተከድኗል።

«ውሃ የለውም?»

«ባሌ ሳይሞት ነው የደረቀው።»

ዳኛው ድንጋዩን አየ፤ እሷንም አየ። «ልጆቹ እዚህ ነበሩ። እርስዎ ለማን ተናገሩ?»

እጇ ባቄላው ላይ ቆመ። «ለማንም። ወታደሮቹ ሌላ ቦታ ሳይፈትሹ ቀጥ ብለው ወደዚህ ነው የመጡት። ከዚያ ጠቋሚያቸውን ለመሸሸግ መንገድ ላይ ያዝናቸው ብለው አስለፈፉ። እኔም ዝም አልኩ። ዓመት ሙሉ በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በለቅሶ ቤት የሰው አፍ አፍ ሳይ ከረምኩ። አንድ ቀን አንዱን አፉን ያዳልጠዋል ብዬ።»

«ዛሬ አዳለጠው» አለ ዳኛው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም መጭመቂያው ውስጥ ሰበሰባቸው።

«ፌርሚን የሞተው በገመድ አይደለም» ሲል ጀመረ። «የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ጠብቦ ነበር። ያ የኦፒየም ሥራ ነው። ኦፒየም መራራ ነው፤ የአኒስ አረቄ ግን ምሬቱን ይደብቃል። ገዳዩ ትንፋሹ እስኪቆም ጠብቆ በመዘውሩ ጎተተው፤ ሬሳ በመዘውር ለማንሣት ጉልበተኛ መሆን አያስፈልግም። ገመዱና ሳንቃው በኪሪኮ እንዲሳበብ የተደረጉ ናቸው።»

«ኦፒየም የሚወሰደው በማን ቤት እንደሆነ ነግሬዎታለሁ» አለ ባልታሳር።

«ነግረኸኛል» አለ ዳኛው፤ አንቱታውን ተወው። «ሳልጠይቅህ። ከተማው ሁሉ ገመድ ሲያይ ኦፒየም ያሰብከው አንተ ብቻ ነህ። ደግሞ ፌርሚን አረቄውን ለወዳጅ እንጂ አይቀዳም፤ እመት ኤንግራሲያ እንደ ከተማው ሁሉ ረግማው አትጠግብም ነበር። ግን ይህንንም እንተወው። ልጆቹ የተያዙት የት ነው?»

«መንገድ ላ…» ባልታሳር አቋረጠ።

«ለእኔ ከጉድጓድ ተጎተቱ አልከኝ። ያንን የሚያውቁት እናትየው፣ ወታደሮቹ፣ ከንቲባቸውና የጠቆመው ሰው ናቸው።»

«ፌርሚን ነው የነገረኝ!»

«እንግዲያው የጠቆመውንም ነግሮሃል። ማን ነው?»

ባልታሳር መሬት ላይ ተንበረከከ። «ሉሲያኖን፣ ልጄን፣ ምሽግ ውስጥ አስረውብኝ ነበር። ሊረሽኑት። ወይ እሱን ወይ እነሱን አሉኝ። ኤንግራሲያ ለብላስ ቁስል ቅባት ስትገዛ ተከትያት ጉድጓዱን አየሁ… ፌርሚን ለዳኛው ሊናገር ሆነ። ምን ላድርግ?»

ኪሪኮ ቢላውን መዘዘ። ዳኛው ከመድረሱ በፊት ኤንግራሲያ መሐል ገባች።

«ክተተው አንተ ልጅ። ቢላ ቶሎ ያሳርፈዋል።» ወደ ባልታሳር ጎንበስ አለች። ድምፅዋ የገበያ ዋጋ የምትጠይቅ ይመስላል። «ልጅህ የት ነው ያለው?»

«ደቡብ ጫፍ፣ ካዲስ ከተማ… ሚስት አግብቷል፤ ሊወልዱ ነው። እሱ ምንም አያውቅም። ፈረንሳዮች ምሕረት አድርገው የለቀቁት ነው የሚመስለው።» ባልታሳር የቀሚሷን ጫፍ ያዘ። «እኔን ስቀሉኝ። በማርያም ይዤሻለሁ፣ ለእሱ አትንገሪው።»

ቀሚሷን ከእጁ አላቀቀች። «በምን ዋጋ እንደሚኖር ይወቅ» አለች።

ዶን ሂላርዮ ሊከለክላት የሚችል ሕግ በልቡ ፈልጎ አጣ። «ካዲስ ሩቅ ነው እመት ኤንግራሲያ» ብቻ አላት። «ልጁ ደግሞ ምንም አልበደለም።»

«የእኔዎቹስ ምን በደሉ?»

በማግስቱ ዳኛው ባልታሳርን በቅሎ ላይ አሳስሮ ወደ ሰሜን ወደ ቶሌዶ ሲወጣ፣ ኤንግራሲያ ዳቦዋን በፎጣ ቋጥራ ወደ ካዲስ በሚወስደው የደቡብ መንገድ ትሄድ ነበር። ባልታሳር ኮርቻው ላይ ተጠማዞ ስሟን እየጠራ ጮኸ፤ በልጁ ስም፣ በብላስ ስም፣ በቶሪቢዮም ስም ለመናት። አልዞረችም። ዳኛው የወይራው ተክል እስኪሸፍናት ድረስ በቅሎውን አቁሞ አያት፤ ከዚያ ዓይኑን ጠራርጎ፣ አቧራው ነው ብሎ ለራሱ እየነገረ፣ መንገዱን ቀጠለ።