ቁርስ ያልበላችው ልጅ

ብርቱካን የሞተችው ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ልብስ ከሚሰጣበት ገመድ ሥር፣ በሰዐዲያ ጭን ላይ ነው። ስምንት ዓመት ይሆናታል ይላሉ፤ በውል የሚያውቅላት ግን የለም። ወላጆቿ ሞተውባት ሐኪም ከሚባለው ተራራ ወርዳ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስትንከራተት የተገኘች ልጅ ናት። በሕይወቷ ሳለች ዞር ብሎ ያላያት የሐረር ሰው፣ ሞተች ሲባል ወሬዋን ከሸዋ በር እስከ ጊደር መጋላ ገበያ ተቀባበለው። ተመርዛ ነው ተባለ። የመረዘቻትም ሰዐዲያ ናት ተባለ። የሰው አፍ መቼም ሥራ አይፈታም።

ልጅቷ የምትኖረው ከሸዋ በር ወጣ ብሎ ባለው የማኅበር ቤት ነበር። ማኅበሩን ያቋቋሙት የከተማው ክርስቲያን ወይዛዝርት ናቸው። ደመወዝ የላቸውም፤ በተራ እየገቡ የሙት ልጆችን ያበላሉ፣ ያጥባሉ፣ ፊደል ያስቆጥራሉ። ሰዐዲያ የማኅበሩ አባል አይደለችም። በግንብ በታጠረው ጀጎል ውስጥ ሐልዋ የሚባለውን ጣፋጭ እየሠራች የምትሸጥ ሙስሊም ናት፤ ጠዋት ጠዋት ግን ለልጆቹ ወተት ይዛ ትመጣለች። ማንም አላዘዛትም፣ ማንም አይከፍላትም።

ወሬኛ ምክንያትም አላጣላትም። ሰዐዲያ ልጅ አልወለደችም፤ ብርቱካንን በልጅነት ስጡኝ ብላ ብትጠይቅ፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር ወይዘሮ ገላነሽ «የተጠመቀች ልጅ አንሰጥም» ብለው መልሰዋታል። እንግዲህ ለእኔ ካልሆነች ብላ ነው፣ ተባለ። በዚያ ላይ በሟቿ ኪስ ውስጥ የሰዐዲያ ሐልዋ ተገኘ። ከዚህ ወዲያ ማን ይመራመራል?

ጉዳዩ ለመቶ አለቃ እንደሻው ተሰጠ። የፖሊስ አዛዡ ሻለቃ ሀብተወልድ ነገሩን ሳይሸፋፍኑ ነገሩት፤ ሕዝቡ ሳይነሣ ሴትዮዋን መያዝ ይሻላል፣ ሌላ ሰው ካልተገኘ እሑድ ማታ ሰዐዲያ ትታሰራለች፣ በነፍስ ግድያም ትከሰሳለች። እንደሻው «እሺ ጌታዬ» ብሎ ወጣ። ከሲታ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። እሺታውን አይተው የተሸወዱ ሌቦች ወህኒ ቤቱን ሞልተውታል።

ሐኪሙ የነገረው ብዙ አልነበረም። ብርቱ ነገር ሆዷን አጥቦት፣ ውኃዋ አልቆ፣ ልቧ ደክሞ ነው የሞተችው። ምን እንደጠጣች ለማወቅ ናሙናው አዲስ አበባ መሄድ አለበት፤ መልሱ ደግሞ ከወራት በኋላ ነው የሚመጣው። እስከዚያ ሰዐዲያ ወህኒ ትከርማለች ማለት ነው። 

እንደሻው ወደ ማኅበሩ ቤት ሄዶ ከጓሮ ጀመረ። ልጅቷ ያስመለሰችበትን ቦታ ማንም አመድ አላለበሰውም። ጎንበስ ብሎ አየው። ቀላ ያለ ውኃ ነው፤ የደረቀ አበባ ብጥስጣሽ የመሰለ ነገር አለበት፤ የእህል ዘር ግን የለበትም። አሸተተው። ኮሶ ጠጥቶ የሚያውቅ ሰው ያን ሽታ በእንቅልፍ ልቡም አይስተውም።

ከዚያ የሟቿን ኪስ ዕቃ አስመጣ። በወረቀት የተጠቀለለ ሐልዋ፣ ሁለት አንኳር ስኳርና አንድ ከረሜላ ነው። ሐልዋው ጥርስ አልነካውም። ስኳሩ አልተላሰም። ከረሜላውም ከነልባሱ ነው። እንደሻው ሦስቱንም መዳፉ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። ለፍቶ አድሮ ልጅ አሳድጎ ያውቃል፤ የተራበ ልጅ ጣፋጭ ይዞ እንደማይቀመጥ ያውቃል።

መጀመሪያ ወይዘሮ ገላነሽን አነጋገረ። እሳቸው ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቤቱን እንደ ግል ልጃቸው የሚያዩ ባልቴት ናቸው። ሻይ አስቀረቡለት፤ በእጃቸው አንኳር ስኳር ጨመሩለት። ብርቱካን የቱንም ያህል ብትበላ እንደማትወፍር፣ ሐሙስ ዕለት ከሐኪም ቤት ድሬሰር መጥቶ የኮሶ ትል እንዳለባት እንደተናገረ፣ ሰኞ ሐኪም ቤት ትሂድ ብለው ሁላቸውም እንደተስማሙ፣ ዛሬም ቅዳሴ ከመሄዳቸው በፊት ብቅ ብለው ልጆቹን እንዳዩ ነገሩት።

«እስከዚያ ኮሶ ያጠጣት ሰው የለም?» አለ።

«በዚህ ቤት ኮሶ የሚባል አልገባም፣» አሉ ወይዘሮ ገላነሽ፣ ዓይናቸውን ወደ ስኳሩ መልሰው።

በሻዩ መሀል አንድ ልጅ በር ላይ ቆሞ አየ። ልጁ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቦ ላቡ ይንቆረቆራል፤ ከጎኑ የቆመችው ሕፃን ደግሞ በቀጭን ቀሚስ ትንቀጠቀጣለች። ለምን እንደሆነ ጠየቀ። ወይዘሮ ገላነሽ እያፈሩ አስረዱት። የማኅበሩ አባላት በሥዕለ ማርያም ፊት የገቡት ቃል አለ። አንዲት አባል ከግሏ ለልጅ የምትሰጠውን ለማንም አትናገርም፤ ልጁም እንዳይናገር ታስጠነቅቀዋለች። ውለታዋ በሰው ዘንድ እንዳይመሰገን፣ ዋጋዋን ከእግዚአብሔር እንድታገኝ ነው። ታዲያ አንዳንዴ ሦስት ሴቶች ለአንድ ልጅ ይሰጡና ሌላው ባዶውን ይቀራል። ምን ይደረግ፣ አሉ፤ ቃል ቃል ነው።

ሁለተኛዋ ጽጌሬዳ ናት፤ በትርፍ ጊዜዋ ልጆቹን የምታስተምር ወጣት መምህርት። እንደሻው ወደ ክፍሏ ሲገባ፣ ትምህርት ባይኖርም ልጆቹን ከድንጋጤ ለማዘናጋት ፊደል ታስቆጥር ነበር፤ አንዲት ልጅ ሳትሳሳት ቆጥራ ከረሜላ ስትሸለም ደረሰ። ጽጌሬዳ ብርቱካንን በጣም ትወዳት እንደነበረ ነገረችው፤ ስትናገርም አለቀሰች። ቅዳሜ ትምህርት ስለሌለ ልጆቹን ለማየት ብቻ በማለዳ መምጣቷን፣ ብርቱካን ቁርስ አልበላም ስትል «ደክሟት ይሆናል፣ ተዋት» ማለቷን አልካደችም። ስለ ኮሶ ስትጠየቅ ግን ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

ሦስተኛዋ ብርነሽ ናት፤ ባሏ ወታደር የሆነ፣ ቤቱ ውስጥ እያደረች ምግብ የምታበስል፣ ልጅ የምታጥብ ደግ ሴት። የብርቱካንን ገንፎ ምን እንዳደረገችው ጠየቃት። አልፈልግም ስላለች ለሌላ ልጅ አሳልፋ እንደሰጠችው ነገረችው። እንዳትበላ ያዘዛት ሰው ካለ ሲጠይቃት፣ ወይዘሮ ገላነሽም እትዬ ጽጌሬዳም ተዋት እንዳሏት ነገረችው፤ እሷም ብትሆን ልታስገድዳት አልፈለገችም። ይህን ተናግራ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

እንደሻው ወደ ጀጎል ወረደ። የሰዐዲያ ደጅ ላይ ድንጋይ የጨበጡ ጎረምሶች ነበሩ፤ በኮስታራ ፊት በተናቸው። ሰዐዲያ ከመደቡ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ልብሷን አልቀየረችም፤ ልጅቷ ያስመለሰችበት ቀሚስ ነው።

ልጅቷን ተከልክላ ተናድዳ እንደሆነ ጠየቃት። ተናድጃለሁ አለች፣ አልዋሽም፤ ቢሆንም ወተቱን አላቋረጠችም። ስለ ሐልዋው ሲጠይቃት፣ ለልጆቹ ስትሰጥ ቆርሳ በእጃቸው እንጂ በወረቀት እንደማትጠቀልል፣ ወረቀት ለሚገዛት ሰው ብቻ እንደሆነ አስረዳችው። ዓርብ ዕለት ከማኅበሩ ቤት የገዛሽ ሰው አለ ወይ አላት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ሰዐዲያ፣ ነገ ማታ ልትታሰሪ ነው።»

«ወላሂ አውቃለሁ። ሐልዋ ስለገዛኝ ብዬ ሰው አላስይዝም። ሐልዋ አልገደላትም።»

እንደሻው በልቡ አመሰገናት። ልጅቷ ከመሞቷ በፊት የተናገረችው ነገር ካለ እንድትነግረው ለመናት።

«ምን በላሽ፣ ምን ጠጣሽ ብዬ ለመንኳት» አለች ሰዐዲያ። «አልናገርም፣ ቃል ገብቻለሁ አለችኝ። ሆዷን ይዛ እየተንፈራገጠች ቃል ገብቻለሁ ትለኛለች። ለማን ስላት አለቀሰች። ከዚያ ዝም አለች፤ ኢና ሊላሂ።»

እንደሻው ወደ ቤቱ አመራ። ያን ጊዜ ገብቶታል። ባይገባው በወደደ ነበር።

እሑድ ብርቱካን ተቀበረች። ከቀብር መልስ ሁሉንም የማኅበሩ ቤት መመገቢያ ውስጥ ሰበሰባቸው። ሻለቃ ሀብተወልድ በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ሦስቱ ሴቶች በአንድ አግዳሚ ላይ ሆኑ። ሰዐዲያ ከግድግዳው ተጠግታ ቆመች፤ ተቀመጪ ቢሏት እምቢ አለች። እንደሻው ሐልዋውን፣ ስኳሩንና ከረሜላውን ጠረጴዛው ላይ ደረደረ።

«ልጅቷን ሐልዋ አልገደላትም» ብሎ ጀመረ። «ያልተበላ ነገር ሰው አይገድልም። የገደላት ኮሶ ነው። ጓሮ አይቼዋለሁ፣ አሽትቼዋለሁ። የጥያቄዬ መጀመሪያ ማን ሰጣት የሚል ነበር። ኋላ ግን ሌላ ጥያቄ አስጨነቀኝ። በዚህ ቤት የሙት ልጅ ቁርስ አልበላም ሲል ሰው አይደነግጥም? አንዲት እናት ብትሆን ትደነግጣለች። እዚህ ሦስት ሴቶች ነበራችሁ፤ ሦስታችሁም ተዋት አላችሁ። ኮሶ በባዶ ሆድ እንደሚጠጣ የምታውቅ ሴት ናት እንደዚያ የምትለው።»

 እንደሻው ስኳሩን ነካ።

«ኮሶ ለልጅ ሲሰጥ ማባበያ ይያዛል። ጠጪ፣ ሲሽርልሽ ትበያለሽ ይባላል። ልጅቷ ኪስ ውስጥ ሦስት ማባበያ አለ። ሦስቱንም አልነካችም፤ እስኪሽርሽ እንዳትበዪ ተብላለችና። ሐልዋው በወረቀት የተጠቀለለ ነው፤ ሰዐዲያ ለልጆች አትጠቀልልም፣ እንግዲህ ከእናንተ አንዷ የገዛችው ነው። ስኳሩን ትናንት በሻዬ ጠጥቼዋለሁ። ከረሜላውን በክፍል ሲሸለሙበት አይቻለሁ።»

ሻለቃው «ሦስት ሆነው ተማክረው ነው የምትለኝ?» አሉ።

«ቢማከሩማ በዳነች፣ ጌታዬ። አንዷም ሌላዋን አላማከረችም። በዚህ ቤት በጎ ሥራ አይነገርም። አንድ ልጅ ሹራብ በሹራብ ደርቦ ሌላው የሚበርደው ለዚህ ነው። ሰኞ ሩቅ መሰላቸው። ቅዳሜ ደግሞ ትምህርት ስለሌለ ልጅቷ ተኝታ መዋል ትችላለች። ሦስቱም አዘኑላት፣ ሦስቱም በየፊናቸው ተደብቀው ኮሶ ዘፈዘፉ። ወይዘሮ ገላነሽ ቅዳሴ ሳይሄዱ ሰጧት። ብርነሽ ልጆቹን ስትቀሰቅስ ሰጠቻት። ጽጌሬዳ ስትደርስ ሰጠቻት። እያንዳንዳቸው ጠጪ፣ እንዳትበዪ፣ ለማንም እንዳትናገሪ አሏት።»

ከረሜላውን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው።

«ሁለተኛዋ ስትሰጣት ጠጥቻለሁ ብትል ይበቃት ነበር። ግን ማን ሰጠሽ መባሏ አይቀርም። ቃሏን ላለማፍረስ ጠጣች። ሦስተኛውንም ጠጣች።»

መጀመሪያ የወደቀችው ብርነሽ ናት፤ መሬት ላይ በግንባሯ ተደፋች። የእኔ ነው፣ እኔ ነኝ የገደልኳት አለች። ጽጌሬዳ የለም የእኔ ነው ጠንከር ያለው አለች። ወይዘሮ ገላነሽ አልጮኹም። ከትናንት ጀምሮ የገደልኳት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር፣ አሉ፤ ሌላዋም እንደዚያው ብቻዋን ስትቃጠል እንደነበረ አሁን ነው ያወቅሁት።

«መስሎዎት ነበር» አለ እንደሻው፣ በትልቅ ሰው ፊት ደፍሮ የማያውቀው ሰውዬ። «መስሎዎት ሳለ ድንጋይ የያዙ ጎረምሶች ሰዐዲያ ደጅ ሲቆሙ ሰምተዋል። ሦስታችሁም ሰምታችኋል።»

 ሻለቃው፣ ታዲያ ከሦስቱ የቱ ኮሶ ነው የገደላት ሲሉ ጠየቁ። እንደሻው አላውቅም አለ፤ አዲስ አበባም ቢሆን አያውቅም። አንዱን ብቻ ጠጥታ ቢሆን ኖሮ ስኳሯን እየላሰች ዛሬ ትሮጥ ነበር። የትኛዋ ትታሰር ቢባል፣ ሕጉ ለይቶ የሚይዘው እጅ የለም።

ሻለቃው ተነሡ። ሰዐዲያ ነፃ መሆኗን ተናገሩ። ቤቱ ግን ከነገ ጀምሮ ይዘጋል፤ ልጅ የሞተበትን ቤት ክፍት ትቼ ከበላይ አካል ጋር አልጣላም አሉ። ልጆቹስ የት ይሄዳሉ ሲባሉ፣ ዘመድ ያለው ወደ ዘመዱ፣ የሌለው እንደ ምርጫው አሉ። ዘመድ ያለው ልጅ በዚያ ቤት አልነበረም። ወይዘሮ ገላነሽ ጉልበታቸው ላይ ወድቀው ለመኗቸው፤ እንደሻውም ቆቡን አውልቆ ለመናቸው። አልሆነም። ሻለቃው ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ይህም ምንም አልጠቀመም።

ሁሉም ከወጣ በኋላ ሰዐዲያ ከግድግዳው ሳትላቀቅ ቀረች። እንደሻው ተጠግቶ፣ በቃ ነፃ ነሽ፣ ማንም አይነካሽም አላት።

«አወቅሁ» አለች። «ትናንት ሌሊቱን ሙሉ የገደላትን ሰው ስረግም አደርኩ። አላህ እጁን ያድርቀው፣ ቤቱን ያፍርሰው እያልኩ። ይኸው ቤቱ ፈረሰ። ልጆቹም አብረው ወጡ።»

ቀና ብላ አየችው።

«አሁን እኔ እርግማኔን ከማን ላይ ላንሣ?»

እንደሻው ቆቡን በእጁ እንደያዘ ወደ በሩ ተመለከተ።   ውጭ ልጆቹ ልብሳቸውን በጨርቅ እየቋጠሩ ነበር፤ ሰዐዲያም ልትረዳቸው ወጣች።