ሁለት የእንቁላል ቅርፊት

እንደ ሀይፋ አባባል ኬኩ ውስጥ የገባው ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ቤኪንግ ፓውደርና አንድ ማንኪያ ኮምጣጤ ብቻ ነው። እንደ ፀሎት አባባል ደግሞ ማድቤት ባለው የቆሻሻ ባልዲ ውስጥ፣ ከድንች ልጣጩ ሥር፣ ሁለት የእንቁላል ቅርፊት አለ።

«ድሮ የተጣለ ይሆናላ» አለች ሀይፋ።

«በሁዳዴ? እኛ ቤት? ባክሽ ሙድ አትያዢብኝ!»

የፀሎት አያት እትዬ አበበች ነጠላቸውን እያስተካከሉ ከጓዳ ወጡ። «ምንድን ነው የሚያጨቃጭቃችሁ? ማኅበርተኞቼ በር ላይ ናቸው እኮ።»

«እማማ፣ ኬኩ ውስጥ እንቁላል ጨምራለች!»

እትዬ አበበች ሀይፋን አልጠየቋትም። የልጅ ልጃቸውን ነው የገላመጧት። «ነውር ነው ፀሎት! ይቺ ልጅ እኮ ረመዳን ይዛ ራሷ ጾመኛ ናት። ከንጋት ጀምሮ ውሃ ሳትቀምስ ለእኔ ስትለፋ ነው የዋለችው። ጾመኛ እንዴት ጾመኛን ያስገድፋል?»

ሀይፋ እጇን ሹራብ ኪሷ ውስጥ ከተተች።

ቤቴል ሰፈር በምትማረው የኬክ ኮርስ የጾም ኬክ የተሠራ ቀን እሷ የትምህርት ቤት ፈተና ላይ ነበረች። ፎቶ ኮፒ ያስደረገችው የአስተማሪዋ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር እንቁላልና ቅቤ ነው። እነሱ ቤት ኦቨን ስለሌለ ጠዋት እዚህ መጥታ ከስልኳ እያየች ሞከረች። የመጀመሪያው ኬክ መሃሉ ተደረመሰ። ሁለተኛው እንደ ጭቃ ተጣበቀ። ቀምሳ እንዳታስተካክል ጾመኛ ናት። ከቤት ስትወጣ ደግሞ አባቷ ሰይፈዲን ቁርጡን ነግሯታል፤ «የሂሳብ ውጤትሽን አይቻለሁ። እትዬ አበበች ባይለምኑኝ ትናንትናውኑ ባስቆምኩሽ ነበር። የዛሬው የማኅበር ኬክ ካልተሳካ ኮርሱ አበቃ።»

እንግዶቹ ሊመጡ አንድ ሰዓት ተኩል ሲቀራቸው ሀይፋ ወደ ቤቷ ሮጠች። ስትመለስ ሹራብ ኪሷ ውስጥ ሁለት እንቁላል ነበር። ሁለት ብቻ። ማን ያውቃል? ኬኩ እንደ ትራስ ተነፋ። እሷም ማድቤቱ ወለል ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ለምን እንደምታለቅስ ግን ራሷን አልጠየቀችም።

ማኅበርተኞቹ ገብተው ተቀመጡ። ዱላቸውን ግድግዳው ላይ ያስደገፉት አቶ ሰብስቤ ኬኩን አይተው ሳቁ። «የጾም ነው ይኼ? በፍስኩም እንዲህ ያለ አላየሁ! ማነች ባለሙያዋ?»

«የሰይፈዲን ልጅ ናታ፣ ጎረቤቴ» አሉ እትዬ አበበች፣ የራሳቸው ልጅ የተመረቀች ያህል ቀና ብለው።

«እጅሽ ይባረክ የኔ ልጅ!»

ፀሎት የማድቤቱን በር ተደግፋ ቆማለች። ዓይኗ ቀልቷል። ሀይፋ በአጠገቧ ስታልፍ «ውሸታም ሆኜ ቀረሁ አይደል?» አለቻት በሹክሹክታ።

ሀይፋ ዓይኗን ወደ ጠረጴዛው መለሰች። ጠዋት ስትመጣ እዚያ ላይ የውሃ ጆግ ነበር። አሁን የለም። ዞር ስትል ገርበብ ባለው በር በኩል ጓዳ ውስጥ አየችው፤ ጆጉ መሬት ላይ፣ ብርጭቆዎቹ በፎጣ ተሸፍነው ተደርድረዋል። እትዬ አበበች እሷ እንዳትጓጓ ብለው ደብቀውት ነው።

«ሀይፋዬ፣ ነይ አንቺው ቁረጪው» አሉና ቢላዋውን በእጇ አስያዟት። አቶ ሰብስቤ ሳህናቸውን ቀድመው ዘረጉ።

ቢላዋው የኬኩን ጀርባ ነካ። ለስላሳ ነው። በሕይወቷ ከጋገረቻቸው ሁሉ ይኼ የተዋጣለት ነው።

ቢላዋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እትዬ አበበች፣ አልቆርጠውም» አለች። ሁሉም ሰሙት። «እንዳትበሉት። ሁለት እንቁላል አለበት። ፀሎት እውነቷን ነው። ለአባቴም አሁን ሄጄ ራሴ እነግረዋለሁ።»