የተቆላው አፈር

«ይሄ ሽቦ ትናንት ጠቁሮ አልነበር እንዴ?» አለች ሚጣ።

«ቀስ በይ! ሰው ይሰማል!» ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብራት የምትቀመጠው ጓደኛዋ፣ ከፍጥነቷ የተነሳ ሮኬት የሚሏት፣ የራሷን መዳፍ ጨበጠች። ውስጡ የብርጭቆ ወረቀት ይዛለች።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብልቃጦች አሉ። ሁለቱም ውስጥ አፈርና የተከተፈ ጥቅል ጎመን፣ ከላይ ደግሞ የተንጠለጠለ የመዳብ ሽቦ። ጎመን ውስጥ ድኝ አለ። የአፈር ባክቴሪያዎች ጎመኑን ሲያፈራርሱት ድኙ በጋዝ መልክ ይወጣና ሽቦውን ያጠቁረዋል። የሁለተኛው ብልቃጥ አፈር ግን ባክቴሪያው እንዲሞት የተቆላ ነው። የሚጣ እናት «ደግሞ አፈር መቁላት ተጀመረ? እግዚኦ!» እያሉ ነው መጥበሻቸውን የሰጡት። የዚህኛው ሽቦ መጥቆር አልነበረበትም። ጠቆረ።

«ፈገፈግኩት፤ በቃ፣ አዲስ ሆነ» አለች ሮኬት። «ዛሬ ቲቸር ካላሳለፉን የሳይንስ ውድድሩ ቀረ ማለት ነው። በናትሽ፣ አፍሽን ብቻ ያዢ።»

«ግን ለምን ጠቆረ?»

«እኔ ምን አውቄ! በደንብ አልቆላሽው ይሆናላ። ያንቺን ጥፋት እኮ ነው የምሸፍነው!»

ሚጣ መለስ ብላ አሰበች። አፈሩን እስኪጨስ ቆልታዋለች። ከዚያስ? ውሃ ጨመረች፣ ጎመኑን ጨመረች፣ አማሰለች። በምን? ቦርሳዋ ውስጥ ያለችው ማንኪያ ትዝ አለቻት። መጀመሪያ ያልተቆላውን፣ ከዚያ ሳታጥባት የተቆላውን። እናቷ ስንቴ ጮኸውባታል፤ «የአንዱን ድስት ማንኪያ ሌላው ውስጥ አትክተቺ!» ባክቴሪያውን ያሻገረችው ማንኪያዋ ናት።

በሩ ተከፈተ። መምህሩ መነጽራቸውን አስተካክለው ሁለተኛው ብልቃጥ ላይ አጎነበሱ።

«ጎሽ! ንጹሕ ነው።»

ሮኬት በጠረጴዛው ሥር የሚጣን ጭን ቆነጠጠች። የመምህሩ እስክሪብቶ ወረቀቱን ሊነካ ነው።

«ቲቸር፣ ገና አይጻፉ።» ሚጣ አፈር የደረቀባትን ማንኪያ አውጥታ ብልቃጦቹ ፊት አኖረቻት። «ሁለቱንም በዚህች ነው ያማሰልኩት። ሳላጥባት። ይሄኛውም ሽቦ ጠቁሮ ነበር።»

መምህሩ ቀና አሉ። «ታዲያ ማን አጸዳው?»

ሚጣ ዓይኗን ከማንኪያዋ አላነሳችም።

ከጎኗ፣ ሮኬት የጨበጠችው የብርጭቆ ወረቀት ኮሽ አለ፤ መዳፏን ጠረጴዛው ላይ ከፈተች።